ፍሪጅ ጎትተን ስቶክሆልም

አያቶቻችን ፍሪጅ አያስፈልጋቸውም ነበር። መንገድ ሲወጡ የሚይዙት በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት እነዚህ ሁሉ አንድ ጠባይ አላቸው፤ ውሃቸው ወጥቷል። ውሃው የወጣ ነገር አይሸትም፣ አይሻግትም፣ ሶኬትም አይጠይቅም። አንድ ሰው በሶውን በስልቻ ይዞ ከሸዋ ጎንደር ቢወጣ ጭንቀቱ ሽፍታና ወንዝ እንጂ ኤሌክትሪክ አልነበረም።

እኛ የልጅ ልጆቻቸው ግን በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ከፍራንክፈርት ስቶክሆልም የሄድነው ፍሪጅ ይዘን ነው። ፍሪጁ ካራቫን ውስጥ፣ ካራቫኑ ከመኪናችን ኋላ፣ የእማዬ ኢንሱሊን ደግሞ ፍሪጁ ውስጥ። ዛሬ የምናወራችሁ ስለዚህ ጉዞ ነው። ስዊድን እንዴት እንደምታምር ለማንበብ የመጣችሁ ካላችሁ ይቅርታ፤ እኛ አብዛኛውን መንገድ የጨረስነው ሽቦ እያየን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ልጆቿን ልታይ ከአዲስ አበባ ለሦስት ወር መጣች። ስቶክሆልም ደግሞ አክስታችን አለች፣ የእማዬ ታናሽ። ከተያዩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። አክስታችን የዳሌ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ስለነበር ተነስታ መምጣት አትችልም። እማዬ ደግሞ ከቦሌ ፍራንክፈርት ያለው በረራ እግሯን አሳብጦት ስለነበር “አገሬ እስክመለስ ድረስ አውሮፕላን አታሳዩኝ” ብላ ምላለች። ባቡር ብንል ሦስት ጊዜ መቀየር አለ። በመኪና ብንል ለአራት ሰው በየመንገዱ ሆቴል ሊከፈል ነው። ይህን ስናሰላ ጎረቤታችን አዛውንቱ ጀርመናዊ ሰሙን። ግቢያቸው ውስጥ የቆመ አሮጌ ካራቫን አላቸው። “እኔ ከእንግዲህ አልነዳውም፤ እናታችሁን ይዛችሁ ሂዱበት” አሉን።

ቸርነታቸው ግን ወረቀት ነበረው። ሁለት ገጽ፣ በእጃቸው የጻፉት። ስለ ጎማ ሁለት መስመር፣ ስለ ሽንት ቤቱ ሦስት መስመር። የቀረው ሁሉ ስለ ፍሪጁ ነው። እኛ ሳቅን። ታላቃችን “ሰውየው ፍሪጁን ነው እንዴ የሚያበድሩን ካራቫኑን?” አለ። ወረቀቱን አጥፈን የመኪናው ኪስ ውስጥ ከተትነው።

እዚህ ላይ ስለ ፍሪጁ ማስረዳት አለብን፤ ካላስረዳን የሠራነው ስህተት አይገባችሁም። የካራቫን ፍሪጅ እንደ ቤታችሁ ፍሪጅ አይንገረገብም። ሞተር የለውም፤ ድምፅም የለውም። የሚቀዘቅዘው በሙቀት ነው። እናንተም እንደ እኛ “እንዴት ሆኖ?” ትሉ ይሆናል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። አሞኒያ የተሟሟበት ውሃ ከሥር ይሞቃል፤ አሞኒያው እንደ አረቄው ተንኖ ይወጣል፣ ላይ ደርሶ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ ሃይድሮጅን ወዳለበት ቧንቧ ይወርድና እንደገና ይተናል። ሲተን ሙቀት ይፈልጋልና ከወተታችሁ፣ ከሥጋችሁ፣ ከመድኃኒታችሁ ይወስዳል። ቅዝቃዜ ማለት ይኸው ነው። የተነነውን አሞኒያ ውሃው መልሶ ይጠጣዋል፤ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። ይህን ያወጡት ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች ናቸው፤ በ1922 እ.ኤ.አ.፣ እዚያው ስቶክሆልም በሚገኘው የንጉሣዊ ቴክኖሎጂ ተቋም ሲማሩ። ፍሪጁን ወደ ትውልድ አገሩ እየመለስነው ነበር ማለት ነው፤ ያኔ ግን አናውቅም።

ሙቀት እስከተገኘ ድረስ ከየትም ይምጣ ግድ የለውም። ስለዚህ ማዞሪያው ላይ ሦስት ሥዕል አለ፦ ስፒና፣ ባትሪ፣ እሳት። ስፒናው የቤት ኤሌክትሪክ ነው፣ 230 ቮልት፣ ካምፕ ቦታ ስትደርሱ የምትሰኩት። ባትሪው የመኪናው 12 ቮልት ነው፣ ሞተር ተነስቶ ስትጓዙ ብቻ። እሳቱ የጋዝ ነበልባል ነው፤ ቆማችሁ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ፤ አደጋቸው ግን ለየቅል ነው። የሽማግሌው ወረቀት በሙሉ ስለዚህ ነበር።

ካራቫኑ ከመኪና ጋር የሚገናኘው 13 ቀዳዳ ባለው ሶኬት ነው። 9ኛው ቀዳዳ ከባትሪው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያገኛል። 10ኛው ግን ኤሌክትሪክ ማግኘት ያለበት ቁልፉ ሲዞር ብቻ ነው፤ ፍሪጁ የሚሠራውም በእሱ ነው። የእኛ መኪና ሰባት ቀዳዳ ያለው የድሮ ሶኬት ብቻ ነበረው፤ እሱ ለመብራትና ለፍሬቻ እንጂ ለፍሪጅ መስመር የለውም። ታላቃችን ልጅ ሆኖ ካዛንቺስ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። “ይቺንማ እኔ” አለ። አዲስ ሶኬት ገዝቶ አመጣና በአንድ ከሰዓት በኋላ ገጠመው። ከባትሪው አንድ ሽቦ ስቦ 9ኛውንም 10ኛውንም አንድ ላይ አሰራቸው። ፊውዝ? “ለምን? ኋላ እናደርገዋለን።” ፍሪጁ ሲሠራ አየን፤ አጨበጨብን። እማዬ ደግሞ “እጅህ ይባረክ” አለችው።

እማዬ ይዛ የመጣችው አራት ብልቃጥ ኢንሱሊን ነው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሁለቱን ፍሪጁ ውስጥ አስገባን፤ ከዶሮ ወጡ፣ ከቅቤውና ከአይቡ ጋር። ሽማግሌው ፍሪጁ ውስጥ ያስቀመጧትን ትንሽ ቴርሞሜትር ለአይቡ ቦታ ስላጠበበች አወጣናት። ይህንን ያዙልን።

ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ተነሳን። በጀርመን ካራቫን የሚጎትት መኪና ልዩ ፈቃድ ከሌለው ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም። ከባድ መኪኖች እንኳ ሲያልፉን እማዬ በመስኮት እያየች “እነዚህ ሰዎች ሁሉ ወዴት ነው የሚቸኩሉት?” ትላለች። ከሃኖቨር አልፈን ወደ ሃምቡርግ ግማሽ መንገድ ስንደርስ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆነ። ነዳጅ ማደያ ያለው ትልቅ ማረፊያ አገኘንና ቆምን። “እዚህ ጋዝ አይለኮስም” አለች እህታችን፤ ይህን ብቻ ከወረቀቱ ታስታውሳለች። ልክ ነበረች። ቤንዚን በሚቀዳበት አካባቢ አየሩ ውስጥ የቤንዚን ትነት አለ፤ ፍሪጁ ጀርባ ያለች ትንሽ ነበልባል ትበቃዋለች። ስለዚህ ፍሪጁን ባትሪው ላይ እንደነበረ ትተነው ተኛን። ብልሆች መሆናችን ነው።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ልንነሳ ቁልፉን አዞርን። “ጠቅ” አለ። እንደገና፣ “ጠቅ”። ሞተሪኖው ሊዞር እንኳ አልሞከረም። የዳሽቦርዱ መብራት እንደ ሻማ ደብዘዝ ብሎ ጠፋ።

ሒሳቡን ያኔ መኪናው ውስጥ ተቀምጠን ሠራነው፤ ከመነሳታችን በፊት መሥራት የነበረብንን። የፍሪጁ ማሞቂያ 130 ዋት ገደማ ነው። ለ12 ሲካፈል 11 አምፔር ይሆናል። አምስት ሰዓት ተኝተናል፤ 55 አምፔር ሰዓት። ባትሪያችን ላይ የተጻፈው 60 ነው። ጠጥቶ ጨርሶታል ማለት ነው። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው የወጣውን ይተካል፤ ሲጠፋ ግን የሚተካ የለም። 10ኛው ቀዳዳ ከቁልፉ ጋር የሚታሰረው ለዚህ ነው። ቁልፍ ሲጠፋ ፍሪጁም አብሮ ይጠፋል፤ ባለቤቱ ቢረሳ እንኳ ሽቦው ይረዳዋል። እኛ የሚረዳውን ሽቦ ነው ያበላሸነው።

አጠገባችን የቆመ አንድ የፖላንድ ከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ኬብል ይዘን ስንሄድ ራሱን ነቀነቀ። በጣቶቹ ሁለትና አራት አሳየን፤ 24። የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ነው፣ የእኛ 12። ከእሱ ብንወስድ የመኪናችንን ኤሌክትሮኒክስ ሁሉ እናቃጥል ነበር። ሰውየው እንቢ ማለቱ ትልቅ ውለታ ነው፤ እኛ ግን ያኔ ክፋት መስሎን አጉረመረምን። አንዲት ቤተሰብ የያዘች ትንሽ መኪና እስክትመጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። በኬብል አስነሱልንና ሄዱ።

ሞተሩ ተነሳ፤ ጠቡም ተነሳ። ታላቃችን የገጠመውን ሽቦ አሁን አላመነውም፤ እውነቱን ለመናገር እኛም አላመንነውም፤ ስንነካው ሞቆ ነበር። “እንግዲህ የቀረው ጋዝ ነው” አለ። “ለኩሰነው እንንዳ። አራት ሰዓት መንገድ ነው። ነፋስ ካላጠፋው ምን ይሆናል?”

“ምን ይሆናል” የምትለዋን ቃል ሁላችንም ከአገር ይዘናት የመጣናት ናት። ቀበቶ ሳናስር፣ ፊውዝ ሳናደርግ፣ ወረቀት ሳናነብ የምንላት። እህታችን ወረቀቱን ከመኪናው ኪስ አውጥታ በስልኳ መብራት ማንበብ ጀመረች። የጋዙ ሲሊንደር በጉዞ ላይ ተዘግቶ መሆን አለበት ይላል። አዲሶቹ ካራቫኖች ግጭት ሲደርስ ጋዙን በራሱ የሚዘጋ ሪጉሌተር አላቸው፤ የእሳቸው አሮጌ ነውና የለውም። ብንጋጭ ቱቦው ይበጠሳል፣ ጋዙ ይወጣል፣ ነበልባሉ እዚያው ነው። ደግሞም ነበልባሉን ሳናጠፋ ነዳጅ ልንቀዳ ማደያ ብንገባስ?

ታላቃችን ገና “አናስቸግር እስኪ” ሲል እማዬ ከኋላ ወንበር ተናገረች። እስከዚያች ሰዓት ዝም ብላ ነበር።

“እሳቱ የት ነው ያለው?”

“ፍሪጁ ጀርባ ነው እማዬ። ትንሽ ነው። ጭሱም በጎን በኩል ወደ ውጭ ነው የሚወጣው።”

“በጎን በኩል ያለው ወንፊት ነው?”

“አዎ።”

“እሱንማ ትናንት ብርድ ያስገባል ብዬ በጋዜጣ ደፈንኩት።”

ሁላችንም ዞረን አየናት። ቀጠለች፤ “ወለሉ ላይ ያለችውንም ቀዳዳ በካልሲ ወትፌያታለሁ።”

ይህን የሚያነብ ሰው ይስቅ ይሆናል፤ እኛ ግን ያን ሌሊት አልሳቅንም። የጎኑ መተንፈሻ ለነበልባሉ አየር የሚገባበትና ጭሱ የሚወጣበት ነው። ሲደፈን እሳቱ በደንብ አይነድም፤ በደንብ ያልነደደ እሳት ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመጣል። አይሸትም፣ አይታይም። የወለሉ ቀዳዳ የተሠራው በስህተት አይደለም፤ የሲሊንደሩ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወደ ወለል ወርዶ በዚያች ቀዳዳ እንዲወጣ ነው። ታናሻችን ሮጦ ሄዶ ጋዜጣውንም ካልሲውንም አወጣ። ያን ሌሊት ከነዳጅ ማደያው ርቀን ቆመን ቢሆን ጋዙን ለኩሰን ነበር የምንተኛው።

እማዬ ነገሩ ሲገባት ፊቷ ተለወጠ። “እንደ ከሰል ነው በሉኛ!” አለች። ልጆች ሳለን በሰፈራችን በክረምት ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው የተኙ እናትና ልጅ ነበሩ። በማግስቱ በሩ ሲሰበር ሁለቱም የተኙ ይመስሉ ነበር። እማዬ ገላቸውን ካጠቡት ሴቶች አንዷ ናት። ስለዚህ ከእሷ ጋር ስለ ጋዝ መከራከር ቀረ። “ኢንሱሊኑ ቢበላሽ ይበላሽ። እኔ በእሳት ላይ ተቀምጬ አልሄድም። ልጆቼንም አላስቀምጥም።”

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አፍረን ለሽማግሌው ደወልን። አልተቆጡም። ሁለት ነገር ብቻ አሉን። አንደኛ፣ ሽቦውን ከባትሪው ላይ ንቀሉት፤ የሞቀ ሽቦ እሳት ለመሆን እየተዘጋጀ ያለ ሽቦ ነው። ሁለተኛ፣ ፍሪጁን አጥፉትና በሩን አትክፈቱት። “ከቀዘቀዘ በኋላ የተዘጋ ፍሪጅ ለብዙ ሰዓት ይቆይላችኋል። ትናንት ማታም ማድረግ የነበረባችሁ ይኸው ነው። መዝጋትና መተው።” የዚያን ሌሊት ጣጣ ሁሉ መፍትሔው ምንም አለማድረግ ነበር። ሽቦውን ነቅለን ጫፉን በናስትሮ ጠቀለልን።

ሃምቡርግ አንድ ወዳጃችን ጋራዥ ያለው ኤርትራዊ አገናኘን። አማርኛው ከእኛ ይሻላል። ኮፈኑን ከፍቶ ሽቦውን በሁለት ጣቱ ይዞ አየው፤ ከዚያ ታላቃችንን አየው።

“ይሄንን ማነው የገጠመው?”

“እኔ ነኝ።”

“ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የአምፖል ሽቦ ነው።”

ቀጭን ሽቦ ረጅም መንገድ ሲሄድ ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል አለን። ከባትሪው 12 የወጣው ፍሪጁ ጋ 10 ሆኖ ቢደርስ ማሞቂያው የሚሰጠው ሙቀት በሁለት ቮልት ልክ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፤ ከሦስት እጅ አንዱ ገደማ ይጠፋል። መንገድ ላይ የቀረው ቮልት ደግሞ ሽቦውን እያሞቀው ነው። ስለዚህ ፍሪጁ አይቀዘቅዝም፣ ሽቦው ይግላል። እሱ ወፍራም ሽቦ ዘረጋ፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አደረገ። ፊውዙ ለምን ባትሪው አጠገብ እንደሆነ ታናሻችን ጠየቀው። “ሽቦው መሀል ላይ ተልጦ ብረት ቢነካ፣ ፊውዙ ወዲያ ጫፍ ካለ ምን ያድንሃል?” አለው። 9ኛውንና 10ኛውን ለያይቶ፣ ሪሌ ጨምሮ፣ ፍሪጁ ሞተር ሲነሳ እንዲነሳ፣ ሲጠፋ እንዲጠፋ አደረገ። ሞተሩን አጥፍቶ አስነስቶ አሳየን። ዋጋውን ስንጠይቀው “ለእናታችሁ ነው” ብሎ የዕቃውን ብቻ ተቀበለ። እማዬ ዳቦ ቆሎ በፌስታል ሰጠችው።

ከፑትጋርደን ሮድቢ ያለው መርከብ 45 ደቂቃ ነው። መኪና ሁሉ ሞተሩን አጥፍቶ ከሥር ይቆማል፣ ሰው ወደ ላይ ይወጣል። ጋዝ መዘጋት አለበት። ያጠፋነውን ሲሊንደር ሦስታችንም ተራ በተራ ወርደን አየነው። ዴንማርክን በግማሽ ቀን፣ የኦሬሰንድን ድልድይ በጥቂት ደቂቃ አለፍን። ፍሪጁ ሠራ። ኩራት ጀመረን።

ሁለተኛው ስህተታችን ከዚህ ኩራት ነው የመጣው።

ስዊድን ውስጥ ቬተርን የሚባል ረጅም ሐይቅ አለ፤ ወደ ስቶክሆልም የሚወስደው መንገድ ዳሩን ይዞ ይሄዳል። እዚያ ካምፕ ቦታ አደርን። ሶኬት አለ። ስፒናውን ሰካን፣ ማዞሪያውን ወደ 230 ቮልት አዞርን፣ እራት በላን። ከሁለት ሰዓት በኋላ ፍሪጁን ስንከፍተው ለብ ብሏል። ደነገጥን። ታላቃችን የቅዝቃዜ መጠኑን መጨረሻው ላይ አደረገው። አሁንም ለውጥ የለም። ወረቀቱ ወጣ። “ካራቫኑ ዘንበል ካለ አይቀዘቅዝም” ይላል። አረቄውን አስታውሱ፤ እዚህ ፓምፕ የለም፣ ፈሳሹ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። ቧንቧው ካዘነበለ ፈሳሹ የማይሆን ቦታ ይጠራቀማል። የቆምነው ወደ ሐይቁ ተዳፋት በሆነ ሣር ላይ ነበር። ውሃ ልክ አልነበረንም፤ እህታችን ሰሐን ላይ ውሃ አድርጋ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ውሃው ወደ አንድ ጎን ሄደ። አንዱን ጎማ ሳንቃ ላይ አወጣነው፣ እግሮቹን አስተካከልን፣ የሰሐኑ ውሃ ረጋ። ደስ ብሎን ተኛን።

የቅዝቃዜውን መጠን ግን ማንም ወደ ቦታው አልመለሰውም።

ጠዋት እማዬ ናት የከፈተችው። ሁለቱን ብልቃጦች ያስቀመጥናቸው ከኋላ፣ ከቀዝቃዛው ብረት ጋር አስጠግተን ነበር፤ “እዚያ በደንብ ይቀዘቅዛል” ብለን። በረዶ ሆነዋል። እማዬ አንዱን በመዳፏ ይዛ እስኪቀልጥ ጠበቀች። የእሷ ኢንሱሊን ነጭ፣ ደመናማው ዓይነት ነው፤ በእጅ ቀስ ብሎ ሲንከባለል እንደ ወተት አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። ፍርፋሪ ተንሳፏል፣ ብልቃጡም ላይ ተለጥፏል። “እርጎ ሆነ” አለች። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይወጋም፤ ይጣላል።

ሁለት ቀን ሙሉ የፈራነው ሙቀትን ነበር። ሙቀት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። በ2021 እ.ኤ.አ. ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ያወጡት ጥናት አለ፤ ኬንያ ዳዳብ መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ቤቶች ምን ያህል እንደሚሞቁ ለክተው፣ በ25 እና በ37 ዲግሪ መሀል ከፍ ዝቅ እያለ ኢንሱሊንን ለአራት ሳምንት አስቀምጠው ሲመረምሩት ጉልበቱ አልቀነሰም። በረዶ ግን አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ያቺ ለአይብ ብለን ያወጣናት ቴርሞሜትር ብትኖር ከመተኛታችን በፊት ወይም ሌሊት ሽንት ቤት ስንነሳ እናያት ነበር። ታላቃችን ወጥቶ ሐይቁ ዳር ቆመ። ለብዙ ደቂቃ አልተመለሰም።

እማዬ ሻይ ጠጥታ ስትጨርስ የእጅ ቦርሳዋን አመጣች። ከውስጡ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጣች፤ ነጠላው እርጥብ ነው። ከነጠላው ውስጥ ትንሽ የሸክላ ስኒ፣ ከስኒው ውስጥ ብልቃጥ።

“ይሄ ምንድነው?”

“የምወጋው ነዋ።”

“ፍሪጁ ውስጥ ያሉት ናቸው ብለን እኮ!”

“እነሱ ያልተከፈቱት ናቸው። ይሄ የተከፈተው ነው። የተከፈተ ወር ገደማ ውጭ ይቆያል ብሎኛል ሐኪሙ። አራተኛውንም እናንተ ቤት ፍሪጅ ውስጥ፣ ከእንቁላሉ ሥር ትቼዋለሁ።”

ለምን እንዳልነገረችን ጠየቅናት። “አልጠየቃችሁኝም” አለች። አዲስ አበባ መብራት ሲጠፋ፣ ሲመጣ፣ ደግሞ ሲጠፋ ስንት ዓመት ኖራለች። ሁሉንም አንድ ቦታ አታስቀምጥም፤ አንዱ ቤት፣ አንዱ ጎረቤት፣ አንዱ እርጥብ አሸዋ ያለበት እንስራ ውስጥ። ከእኛ ጋር ስትጓዝም ያንኑ ነው ያደረገችው። የ12 ቮልትና የ230 ቮልት ነገር ለእሷ አዲስ ቢሆንም ኤሌክትሪክ እንደማይታመን ግን ከእኛ ቀድማ ታውቃለች።

በቦርሳዋ ያለው ለሁለት ሳምንት ጉዟችን በቃ። ስንመለስ ለጎደለው ሐኪም ዘንድ ሄደን ከኪሳችን ገዛን፤ ያ የራሱ ወሬ አለው፣ ሌላ ቀን።

ስቶክሆልም እሑድ ከሰዓት በኋላ ገባን። አክስታችን በሁለት ክራንች ደጅ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ሁለቱ እህትማማቾች ከተቃቀፉ በኋላ ለመላቀቅ ጊዜ ወሰደባቸው፤ እኛ ዕቃ እናወርዳለን ብለን ዞር አልን። ዶሮ ወጡም በረዶ ሆኖ ነበር፤ እሱስ በሙቀት ይድናል። ካራቫኑን አጥፍተን፣ ሲሊንደሩን ዘግተን፣ የፍሪጁን በር እንዳይሸት ገርበብ አድርገን ትተን ገባን።

ማታ ሽማግሌው ደወሉ። ደርሳችኋል ወይ አላሉም፤ እናታችሁ እንዴት ናቸው አላሉም።

“ፍሪጁ ቀዘቀዘ?” አሉ።

ታላቃችን ስልኩን ይዞ አየን። “ቀዝቅዟል አባባ” አላቸው በጀርመንኛው፣ “በጣም ቀዝቅዟል።”